«ወሰደ» የተባለው ግስ ለባዕድ ስለ ማደሩ

ቋንቋ የሚጐዳው ቃሉ ሲጠፋ ብቻ አይደለም፤ ቃሉ በቦታው ተቀምጦ ትርጕሙ ሲለወጥበትም ይጐዳል። ቃል የጠፋ እንደ ሆነ ሽማግሌዎች «ዱሮ እንዲህ ይባል ነበር» እያሉ ያነሡታል፤ ትርጕሙ የተለወጠበት ቃል ግን መልኩ ያው፥ ድምፁም ያው ስለ ሆነ፥ ለሌላ ጌታ ማደሩን የሚያውቅበት ሰው ጥቂት ነው። በዚህ ዘመን በአማርኛ ላይ ከደረሰው እንዲህ ካለው ጕዳት ዋነኛው «ወሰደ» በሚባለው ግስ ላይ የደረሰው ነው። ይህ ግስ እንግሊዞች «ቴክ» ለሚሉት ግስ ሎሌ ሆኖ አድሯል። ተማሪው ፈተና «ይወስዳል»፤ ሠራተኛው ሥልጠና «ይወስዳል»፤ በሽተኛው መድኃኒት፥ ጤነኛው ክትባት «ይወስዳል»፤ ሹሙ ኀላፊነት «ይወስዳል»፤ ባጠፋውም ሰው ላይ እርምጃ «ይወሰዳል»። ይህን ያህል ነገር ሲወሰድ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ግን አልተገኘም።

ለዚህ አነጋገር ጠበቃ ሆነው የሚቆሙ የተማሩ ሰዎች አሉ። ክርክራቸው ባጭሩ ሲነገር፥ ቋንቋ ሁሉ ከጎረቤቱ እየተበደረ ያድጋል፤ እንግሊዝኛ ራሱ «ቴክ»ን ከባዕድ ተበድሮ ዛሬ የዓለም መነጋገሪያ ሆነ እንጂ አልደኸየም፤ አማርኛስ ከእንግሊዝኛ ቢበደር ምን ይጐድልበታል? የሚል ነው። ይህ ክርክር የሚናቅ አይደለምና፥ ከመልሱ በፊት የ«ቴክ»ን ትውልድ መመርመር ይገባል።

በጥንታዊው እንግሊዝኛ ለዚህ ተግባር ይነገር የነበረው ግስ «ኒማን» ይባላል፤ ጀርመኖች እስከ ዛሬ «ኔመን» የሚሉት የርሱ ወንድም ነው። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ865 ዓመት ብዙ የዴኖች ሠራዊት ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ አገር ገባ፤ ከብዙ ውጊያም በኋላ በምሥራቁና በሰሜኑ ክፍል ተቀመጠ፤ በ1016 ደግሞ ክኑት የሚባለው የዴኖች መስፍን በእንግሊዝ ላይ ነገሠ። እነዚህ የሰሜን ሰዎች በቋንቋቸው «ታካ» ይሉ ነበርና፥ በ11ኛው መቶ ዓመት ቃሉ በእንግሊዝኛ ጽሕፈት ውስጥ ታየ፤ ከዚያም በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ ነባሩን «ኒማን» ከቤቱ አስወጣው። የዚህ የ«ታካ» ዘመድ የሆነ ቃል ጎት በሚባሉት ሕዝቦች ቋንቋም ይገኛል። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ዉልፊላ፥ ምንም እንኳ በሃይማኖቱ ከአርዮስ ወገን ቢሆን፥ ወንጌልን ወደ ጎቶች ቋንቋ በመለሰ ጊዜ፥ ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት የጌታን ልብስ መንካቷን የጻፈው በዚህ ግስ ነው። እንግዲህ የ«ቴክ» ሥሩ መንካት ነው፤ ከመንካት መያዝ፥ ከመያዝም ይዞ መሄድ ተወለደ ማለት ነው።

የተሰደደው የ«ኒማን» ፍጻሜ ግን የሚያሳዝን ነው። ዱሮ ንጉሥ አገር የሚይዝበት፥ መነኵሴ ቈብ የሚቀበልበት ግስ የነበረው እየተዋረደ ሄዶ፥ በ17ኛው መቶ ዓመት «ኒም» ማለት የሌቦች ቃል ሆነ፤ መስረቅ ማለት ነው። ከዘሩም ዛሬ በሕይወት ካሉት አንዱ «ነም» የሚለው ቃል ነው፤ ይኸውም የደነዘዘ፥ ብርድ ወይም ድንጋጤ ስሜቱን የነሣው ማለት ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ ተበድሮ ምንም አልጐደለበትም የሚሉ ሰዎች ነገሩን እስከ መጨረሻው አልተከታተሉትም። እንግሊዝኛ አንድ ግስ አገኘ፤ አንድ ግስም ቀበረ።

የሆነ ሆኖ የዚያ አገር ብድርና የዚህ አገር ብድር አንድ ዐይነት አይደለም። ዴኖቹ ከእንግሊዞች ጋር በአንድ መስክ አረሱ፥ በአንድ ገበያ ሸጡ፥ ተጋቡ፥ ወለዱ፤ ቃሉም ከአፍ ወደ አፍ፥ ከእናት ወደ ልጅ ተላለፈ። ወደ አማርኛ የገባው ትርጕም ግን በገበሬና በነጋዴ አፍ ሳይሆን በጸሓፊ ጠረጴዛ በኩል የመጣ ነው። ደግሞም «ታካ» ድምፁን ይዞ ስለ ገባ፥ እንግዳ መሆኑ ታውቆ ነው የተስተናገደው፤ ወደ አማርኛ የመጣው ግን ድምፁን ደብቆ፥ ትርጕሙን ብቻ በአገር ቃል ውስጥ ሸሽጎ ነው። እንግዳ ስም ዕቃውን ይዞ ይገባል፤ ሆስፒታልና ባቡር፥ ፖስታና ስልክ እንዲህ ገብተው ማንንም ሳያስወጡ ተቀምጠዋል። እንግዳ ትርጕም ግን ባለቤቱን ያስወጣል።

ከዚህም ሌላ እንግሊዝኛ «ቴክ»ን እንደ ጭነት አህያ የሚያሠራው በቂ ምክንያት ስላለው ነው። የዚያ ቋንቋ የግሱ እርባታ ከዘመን ብዛት አልቆ ስለ ተራቈተ፥ አንድን ግስ ከስም ጋር እያቈራኘ፥ ወይም ትንንሽ ቃላት እየጫነበት ይናገራል። «ቴክ ኦፍ» ሲል ልብስ ማውለቅም፥ የአውሮፕላን ከምድር መነሣትም ነው፤ «ቴክ ኢን» ሲል እንግዳ ማስተናገድም፥ ሰውን ማታለልም ነው፤ «ቴክ አፍተር» ሲል ደግሞ ልጅ አባቱን መምሰሉ ነው። ለነርሱ ይህ ብልኀት ነው። አማርኛ ግን ያላጣውን ነገር ለምን ይበደራል?

ላለማጣቱ ምስክር ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም። በሰሜን ሸዋ በእንሳሮ ወረዳ፥ የጀማ ሸለቆ ጎረቤት በሆነችው በለሚ ከተማ፥ የደጋው ጤፍና የቆላው ማሽላ በሚገናኝበት ገበያ መካከል ጥቂት ሰዓት የቆመ ሰው የአማርኛን ሀብት በዐይኑ ያያል። ሸማቿ ጤፉን ከመግዛቷ በፊት ዘግና ታየዋለች፤ ሻጩ በሁለት እጁ አፍሶ ያሳያታል፤ ባለጨው ቈንጥሮ ያቀምሳታል፤ የፈሰሰውን ፍሬ ልጅ ይለቅማል። ባለጤፉ ገንዘቡን ይቀበላል፤ እርስዋ እህሉን ትረከባለች፤ ወንድ ልጅዋ ስልቻውን ያነሣል፤ አህያው ይሸከማል፤ እረኛው ልጓሙን ይይዛል። ሌባ ቢመጣ ይሰርቃል፤ ቀማኛ ቢመጣ ይነጥቃል። እንግሊዝ ለዚህ ሁሉ፥ አንዳንድ ቃል እየጨመረ፥ «ቴክ» ማለት ይችላል። በለሚ ገበያ ግን ለእያንዳንዱ የእጅ አኳኋን የራሱ ግስ አለው፤ የዘገነና ያፈሰ፥ የቈነጠረና የለቀመ እጅ መልኩ አይመሳሰልም። «ወሰደች» የሚባለው እህሉ ተጭኖ ከገበያው ሲወጣ ብቻ ነው። «ወሰደ» ማለት አንድን ነገር ካለበት ቦታ ይዞ መሄድ ነውና።

ይህ የመሄድ ትርጕም በምሳሌያዊው አነጋገርም አይለየውም። ጐርፍ ወሰደው፥ እንቅልፍ ወሰደው፥ ሐሳብ ወሰደው፥ ሞት ወሰደው ይባላል፤ በአራቱም ዘንድ የተወሰደው ከዚህ የለም። በግዕዝም «ወሰደ» ማለት መርቶ ማድረስ ነው፤ በእጅ ማንሣትና መቀበል የ«ነሥአ» ድርሻ ነው። እንዲህ ከሆነ «ትምህርት ወሰደ» የሚለውን የሰማ አንድ የለሚ ሽማግሌ፥ «ወዴት ወሰደው? ለሌሎቹስ ምን ተረፋቸው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚስቅበት ሰው ራሱ ሊሳቅበት ይገባዋል።

የቀድሞ ተርጓሚዎች ይህን ልዩነት ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በግዕዙ ወንጌል ጌታ ኅብስቱን ሲሰጥ «ንሥኡ» ያለው፥ በ1611 በታተመው በእንግሊዞች መጽሐፍ ቅዱስ «ቴክ» ተብሏል፤ በ1954 ዓ.ም. በታተመው በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን «ውሰዱ» አልተባለም፤ «እንካችሁ» ተባለ እንጂ። «ውሰዱ» ቢባል ይዛችሁ ሂዱ ያሰኝ ነበርና። መስቀልን ስለ ማንሣት እንግሊዞች «ቴክ» ባሉበት ቦታ የአማርኛው ተርጓሚ መሸከምን ተናገረ፤ ስለ ቀንበሩም እንዲሁ አደረገ። ዮሴፍ ሕፃኑንና እናቱን ወደ ግብፅ እንዲያሸሽ በታዘዘ ጊዜ «ይዘህ» ተባለ። «ወሰደ» በሚገባው ቦታ ግን አልተነፈገም፤ ዮሴፍ እጮኛውን ወሰደ ተብሎ ተጽፏል፤ ሙሽራ ከቤት ወደ ቤት ትሄዳለችና። እንዲህ ያለው ትርጕም ከቃል ቃል እየለቀመ የሚቀጣጥል ሳይሆን፥ ነገሩን አይቶ ግሱን የሚመርጥ ነው።

ይህ ጥበብ የሊቃውንት ብቻም አልነበረም። የፎቶግራፍ መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ፥ እንግሊዝ ሥዕሉን «ቴክ» ሲለው፥ የኢትዮጵያ ሰው «ፎቶ አነሣ» አለ እንጂ «ፎቶ ወሰደ» አላለም። ስሙን ከባዕድ ተበደረ፤ ግሱን ግን ከቤቱ፥ ከ«ነሥአ» ዘር አወጣ። ዛሬም በከተማ ጐዳና ላይ ያለ ሰው ታክሲ ይይዛል እንጂ ታክሲ አይወስድም፤ ወሰደ ከተባለማ ነገሩ የፖሊስ ነው። ከሥራው ለማረፍ የፈለገ ፈቃድ ይወጣል፤ ስብከት የሚያዳምጥ ማስታወሻ ይይዛል። ገበያውና ጐዳናው በትክክል እየተናገረ፥ የሚሳሳተው ጽሕፈት ቤቱ ነው።

ጽሕፈት ቤቱ እንዴት ተሳሳተ? ከጣሊያን ወረራ በፊት በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ይበልጥ ይሠራበት የነበረው የባዕድ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ግን እንግሊዝኛ ቦታውን ያዘ፤ የከፍተኛው ትምህርትም በርሱ ሆነ። በ1934 ዓ.ም. የተጀመረው ነጋሪት ጋዜጣም አዋጁን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ያትም ነበር። ሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን ቆሞ ሲጻፍ፥ የቸኰለ ተርጓሚ የዐረፍተ ነገሩን አሳብ ሳይሆን የመዝገበ ቃላቱን የመጀመሪያ ፍቺ ይጽፋል፤ «ቴክ» ያለበትን ሁሉ «ወሰደ» ይለዋል። ተማሪው ከመጽሐፉ፥ ጋዜጠኛው ከሹሙ፥ ሹሙም ከጋዜጠኛው እየሰማ፥ የአንድ ሰው ችኰላ የብዙዎች ልማድ ሆነ።

ከዚህ ልማድ የመጣው የመጀመሪያው ጕዳት በሰዋስው ላይ ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ሁሉ የግስን አምስቱን አዕማድ ያውቃል፤ መከረ ቢል አድራጊ፥ ተመከረ ቢል ተደራጊ፥ አስመከረ ቢል አስደራጊ፥ ተማከረ ቢል ተደራራጊ፥ አማከረ ቢል አደራራጊ ነው። ከአንድ ሥር አምስት ምሰሶ ቆሞ ቤቱን ይሸከማል። «ምክር ወሰደ» የሚል ሰው አምስቱንም ምሰሶ ነቅሎ በአንድ የተዋሰው እንጨት ይደግፈዋል፤ መካሪው ማን እንደ ሆነ፥ ተመካሪው ይስማ አይስማ፥ ሁለቱ ይማከሩ አይማከሩ ከቃሉ አይታወቅም። ተፈተነ፥ ሠለጠነ፥ ተከተበ፥ ዐረፈ፥ ተነፈሰ የሚሉት ሁሉ በዚሁ መንገድ ከነእርባታቸው እየተቀበሩ ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1936 ዓ.ም. ሠሩበት፤ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት፤ የራሳቸውንም ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አወጡ። ሦስት ትውልድ መምህርና ደቀ መዝሙር እየተቀባበለ ግስን ከነሥሩ የጠበቀው፥ አራተኛው ትውልድ ሁሉን በ«ወሰደ» እንዲጠቀልለው አልነበረም።

ጕዳቱ በሰዋስው ብቻ ቢቀር የቅኔ ቤት ሙግት ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ነገር ግን ወደ ሰው ሕይወት ይደርሳል። ከጀማ ቆላ ንዳድ ይዞት ወደ ለሚ ሕክምና የወጣ አንድ ገበሬ፥ «ይህን መድኃኒት በቀን ሦስት ጊዜ ውሰድ» ቢባል ምን ይረዳ? ለርሱ ውሰድ ማለት ይዘህ ሂድ ማለት ነው፤ ሦስት ጊዜ ውሰድ ማለትም ሦስት ጊዜ ተመላለስ ሊመስለው ይችላል። የአማርኛው ግስ ግን ራሱ ሐኪም ነው፤ ኪኒኑን ዋጥ፥ ፈሳሹን ጠጣ፥ ቅባቱን ተቀባ፥ መርፌውን ተወጋ፥ የጆሮውን ጠብ አድርግ ሲል ቃሉ የአወሳሰዱን ሥርዐት ያስተምራል። በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ እንኳ «አወሳሰድ» የሚለው ሾልኮ መግባቱ ልማዱ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ያሳያል፤ «አጠቃቀም» ቢባል ምን ጐደለ? የኮሮና ክትባት በመጋቢት 2013 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መሰጠት በጀመረ ጊዜም «ተከተቡ» የሚል አንድ ቃል ሳለ፥ «ክትባት ውሰዱ» የሚለው በዝቶ ተሰማ። ሕዝብን ለማዳን የሚነገር ቃል ከሁሉ በፊት ለሕዝብ የሚገባ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ጕዳት በሥልጣን ላይ ነው። አባቶች ኀላፊነት ተቀበለ፥ ተረከበ፥ ተሸከመ ይሉ ነበር። የተቀበለ ሰው የሰጠው አለ፤ የተረከበም አስረካቢ አለው፥ መልሶም ያስረክባል፤ የተሸከመ ሰው ሸክሙ በትከሻው ላይ ይታያል። «ኀላፊነቱን እወስዳለሁ» የሚል ሰው ግን ከማን እንደ ተቀበለ፥ ለማን እንደሚመልስ ቃሉ አያስገድደውም፤ እንደ አማርኛው ደንብ ከሆነ ኀላፊነቱን ይዞት ሄዷል፥ የሚያገኘውም የለም።

ሦስተኛውና የሁሉ ክፉው «እርምጃ ተወሰደበት» የሚለው ነው። እርምጃ ማለት የሚራመድ እግር ስፍር ነው፤ ሰው ይራመደዋል እንጂ አይወስደውም። ይህ አነጋገር ከኤውሮፓ ቋንቋ ተገልብጦ ሲገባ ግን በሰው ላይ የሚደረገውን ነገር ሁሉ የሚሸፍን መጋረጃ ሆነ። እርምጃ ተወሰደበት የተባለው ሰው ተመክሮ ይሆን፥ ተቀጥቶ ይሆን፥ ተሽሮ ይሆን፥ ታስሮ ይሆን፥ ተገድሎ ይሆን አይታወቅም። ማን እንዳደረገውም አይታወቅም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር በተባለው ዘመን «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደባቸው» ማለት ተገደሉ ማለት እንደ ነበረ፥ ያን ጊዜ ያየ ሁሉ ያስታውሳል። «ነፃ እርምጃ» የተባለውም ያለ ዳኛ ለመግደል የተሰጠ ፈቃድ ነበር። «ገደልነው» ለማለት አንደበት ይከብዳል፤ አድራጊውን ይጠራል፥ ደሙን ያሳያል፤ «እርምጃ ተወሰደ» ግን በጽሕፈት ቤት ወረቀት ላይ ያለ ድንጋጤ ይጻፋል። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የደርግን ባለሥልጣኖች ጥፋተኞች ባለ ጊዜ፥ «እርምጃ» ይባል የነበረው ነገር በስሙ ግድያ ተብሎ ተጠራ። ሥርዐቱ አልፏል፤ ቃሉ ግን ቀርቶ ዛሬም በየማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ «እርምጃ ይወሰዳል» እየተባለ ይጻፋል። የአማርኛው የፍርድ ግስ «ፈረደ» ነው፤ ተፈረደበት ሲባል ዳኛ አለ፥ ሕግ አለ፥ ይግባኝ አለ። «ተወሰደበት» ሲባል ግን ፍርድ የሚለው ቃል ከነዳኛው ተወስዷል።

አንዳንዶች «ልማድ የቋንቋ ንጉሥ ነው፤ ሕዝቡ ከተናገረው በኋላ ማን ይመልሰዋል?» ይላሉ። መልሱ፥ የትኛው ሕዝብ? የሚል ነው። በገጠር ያለው አሁንም ልጁ ተፈተነ፥ ተማረ፥ ተከተበ ይላል። ልማዱን ያመጡት የሚጽፉና በአደባባይ የሚናገሩ ናቸው፤ እንዳመጡትም ሊመልሱት ይችላሉ። ደግሞም ሁሉ ይነቀል አልተባለም። «ጊዜ ይወስዳል» የሚለው፥ ምንም እንኳ «ጊዜ ይፈጃል» የሚለው ነባር ቢሆን፥ ከአማርኛው ጠባይ ጋር አይጣላም፤ ጊዜ እንደ ጐርፍ ሄዶ የማይመለስ ነውና። ድርሻውን ወሰደ፥ ብድሩን ወሰደ ማለትም ያስኬዳል፤ ገንዘቡ በእውነት ከቦታው ሄዷል። የሚነቀፈው ምንም ነገር ሳይንቀሳቀስ፥ ማንም ሳይሄድ፥ የራሱ ግስ እያለው «ወሰደ» የሚባለው ነው።

ስለዚህ በመድረክ የሚሰብክ ካህን፥ በሰሌዳ የሚጽፍ መምህር፥ ማስታወቂያ የሚያወጣ ጸሓፊ፥ ለበሽተኛ የሚናገር ሐኪም፥ «ወሰደ» ከማለቱ በፊት ሦስት ነገር ራሱን ይጠይቅ፤ ከቦታው የሄደ ነገር አለን? የወሰደው ማን ነው? ወዴትስ ወሰደው? ለሦስቱ መልስ ካገኘ ግሱ በባለቤቱ እጅ ነውና ይናገረው። ካላገኘ ግን የነገሩን እውነተኛ ግስ ፈልጎ ይጻፍ፤ ተማሪውን ተፈተነ፥ በሽተኛውን ዋጠ፥ ሹሙን ተረከበ፥ ወንጀለኛውን ተፈረደበት ይበል። ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚለው ተረት ሁለት ግስ ብቻ ይዟል፤ ሁለቱም በየቦታቸው ናቸው።